መነሻው ኑቢያ የሆነ ካርታ፦ የቦታ ልኬት ታሪክ በኢትዮጵያ ከቀላድ እስከ ሳተላይት

የአንድን ቦታ መገኛ በቁጥር ማወቅ ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ በጥቂት ሰከንድ የሚያገኘው ነገር ሆኗል፤ ከዚህም የተነሣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ከምን ተነሥቶ እንደሚቆጠርና በማን እጅ እንደተያዘ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ማንኛውም የቦታ ልኬት ግን መነሻ አለው። መነሻው ድንጋይ ሊሆን ይችላል፣ ኮከብ ሊሆን ይችላል፣ በሰማይ የሚዞር ሰዓትም ሊሆን ይችላል፤ በሁሉም ዘንድ ግን መነሻውን የመረጠውና የሚጠብቀው አካል በሌላው ሰው ቦታ ላይ ሳይቀር የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። ይህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ምድር በየዘመኑ ከየትኛው መነሻ ተነሥቶ እንደተለካ፣ ልኬቱም ከገመድ ወደ ሳተላይት፣ ከቀያሽ እጅም ወደ ራሱን በራሱ ወደሚመራ መሣሪያ ሲሸጋገር ምን እንደተገኘና ምን እንደጎደለ ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሣሪያ ልኬት በፊት በኢትዮጵያ መሬት የሚታወቀው በአዋሳኙ ነበር። በምሥራቅ የእገሌ እርሻ፣ በምዕራብ ወንዙ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያኑ መሬት፣ በደቡብ አውራው መንገድ ያዋስነዋል ይባላል፤ ክርክር ሲነሣም የአገር ሽማግሌዎች በወሰን ድንጋዩ ላይ ቆመው ይመሰክራሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በተለይ በደቡብ አገሮች የተስፋፋው የቀላድ ሥርዓት ይህን ልማድ ለወጠው። ቀላድ ወደ 66 ሜትር የሚጠጋ የመለኪያ ገመድ ሲሆን፣ መሬቱ በእሱ እየተለካ በጋሻ ይቆጠር፣ እንደ ልማቱም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ እየተመደበ ግብር ይጣልበት ነበር። ገመዱን የያዘው መንግሥት ነበርና ልኬቱ ለብዙ ገበሬ ከርስቱ የመነቀል መጀመሪያ ሆኗል። ያም ሆኖ ቀላድ ጣይ የሚናገረው የመሬቱን ስፋት ብቻ ነው፤ መሬቱ በዓለም ላይ የት እንዳለ አይናገርም፣ እንዲናገርም አልተጠየቀም። ግብር የሚፈልገው ስፋትን እንጂ መገኛን አይደለም።

በዓለም ላይ የት የሚለው ጥያቄ ከውጭ መጣ። ጥያቄው በሁለት ቁጥር ይመለሳል፤ አንዱ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የራቀበትን ማዕዘን የሚገልጸው ኬክሮስ ነው፣ ሌላው ከአንድ ከተመረጠ መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የራቀበትን የሚገልጸው ኬንትሮስ ነው። ኬክሮስ የፀሐይን ወይም የአንድን ኮከብ ከፍታ በመለካት ይገኛል፤ ኬንትሮስ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር፣ የአንድ ቦታ ሰዓት ከመነሻው ቦታ ሰዓት በ4 ደቂቃ ሲለይ ኬንትሮሱ በ1 ዲግሪ ይለያል፤ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ይህ ሲመነዘር የ1 ደቂቃ የሰዓት ስህተት ቦታውን ወደ 27 ኪሎ ሜትር ያርቀዋል። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የሰማይ አካላትን ከፍታ የሚለካ ከባድ የነሐስ ኳድራንት አስይዞ እስከ ግሽ ዓባይ የዘለቀው፣ የጁፒተር ጨረቃዎችንም ግርዶሽ የጠበቀው ለዚሁ ነው፤ ግርዶሹ በአውሮፓም በኢትዮጵያም በአንድ ቅጽበት ስለሚታይ እንደ ጋራ ሰዓት ያገለግላል። ቦታን ለማወቅ ሰዓትን ማወቅ እንደሚያስፈልግ አንባቢ ልብ ቢል ይጠቅመዋል፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ ሳተላይቱ ሲመጣም ነገሩ አልተለወጠም።

ለቦታ ልኬት ታሪክ ከብሩስ ይልቅ የሚከብደው አንቷን ዳባዲ ነው። ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምጽዋ ደርሶ እስከ 1848 በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ሲመላለስ የኖረ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ የዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። ሥራው ግን ከምንጭ ፍለጋ እጅግ ሰፋ። በጊዜው በአውሮፓ የተለመደው የጂኦዴሲ ስልት፣ ማለትም የምድርን ቅርፅና በላይዋ ያሉትን ነጥቦች መገኛ የሚለካው ሳይንስ ስልት፣ የሦስት ማዕዘን ልኬት ነው፤ በዚህ ስልት በሜዳ ላይ አንድ ረጅም መስመር በጥንቃቄ ይለካና ከመስመሩ ሁለት ጫፎች አንድ ሩቅ ተራራ ሲታይ የሚፈጠሩት ማዕዘኖች የተራራውን ርቀት ይሰጣሉ፣ ተራራውም በተራው የሚቀጥለው ሦስት ማዕዘን ጫፍ ይሆናል። ዳባዲ መስመሩን እየጎተተ የሚለካበት ሠራዊትም ሰላማዊ መንገድም አልነበረውም። ስለሆነም በየተራራው ጫፍ እየቆመ በአድማስ ዙሪያ የሚታዩትን ጫፎች አቅጣጫ ሁሉ ቴዎዶላይት በተባለው የማዕዘን መለኪያ መዘገበ፤ በተራሮቹ መካከል ያለውንም ርቀት ከከዋክብት ካገኘው የኬክሮስ ልዩነት እያሰላ መረቡን ከቀይ ባሕር ጠረፍ እስከ ከፋ አደረሰው። ስልቱን ራሱ ፈጣን ጂኦዴሲ ይለው ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከአንድ ጫፍ የታየ ተራራ ከሌላ ጫፍ ሲታይ መልኩ ስለሚለወጥ፣ ሁለቱ እይታዎች የአንድ ተራራ መሆናቸውን ቴዎዶላይት ብቻውን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ የተራራውን ስም የሚያውቅ የአገሬው ሰው ያስፈልጋል። ዳባዲ ለቋንቋ የሰጠው ትኩረት፣ በ1881 ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት በከፊልም ቢሆን ከዚህ ጋር ተያይዘው መታየት አለባቸው፤ በኋላ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ በአንዳይ ባሠራው ቤተ መንግሥት መሰል መኖሪያ ውስጥም የአማርኛ አባባሎችን በግድግዳ ላይ አስጽፏል። ስሌቱ ሮዶልፍ ራዶ በተባለ የሒሳብ ሰው እገዛ ተጠናቅቆ ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ታተመ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ተራሮች፣ ከተሞችና አድባራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመረመር የሚችል ቁጥር አገኙ፤ መረቡ ግን የሚገኘው በፈረንሳይኛ መጽሐፍ ገጾች ላይ እንጂ በኢትዮጵያ ምድር ላይ አልነበረም።

ከዳባዲ በኋላ የኢጣልያ ጦር ጂኦግራፈሮች በኤርትራ፣ በወረራው ዘመንም በሌላው ክፍል ልኬት አካሂደዋል። ሰፊውን የኢትዮጵያ ክፍል የያዘና በመሬት ላይ ቋሚ ምልክት የተተከለበት መረብ የተዘረጋው ግን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ምክንያቱም ዓባይ ነበር። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት በተነሣችበት ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከአሜሪካ ጋር በመተባበር የዓባይን ተፋሰስ ማስጠናት ጀመረ፤ ቢሮ ኦቭ ሪክላሜሽን የተባለው የአሜሪካ የውኃ ልማት መሥሪያ ቤት ያካሄደው ጥናት በ1964 በ17 ቅጾች የወጣ ሲሆን፣ ዛሬ የሕዳሴ ግድብ የቆመበትን የድንበር አካባቢ ለግድብ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ አድርጎ አመልክቷል። ግድብ ከመታቀዱ በፊት ከፍታና ርቀት መለካት ስለሚገባው፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍና ጂኦዴሲ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ከ1957 እስከ 1961 የልኬት መረቡን ዘረጋ።

ይህ መረብ መነሻ አስፈለገው። የቀያሾች ቋንቋ መነሻውን ዳተም ይለዋል፤ ዳተም የምድርን ቅርፅ የሚወክል ሒሳባዊ ሞላላ አካልና ያ አካል በመሬት ላይ የሚታሰርበት ነጥብ በአንድነት ናቸው። ለኢትዮጵያ የተመረጠው ሞላላ ክላርክ በተባለ እንግሊዛዊ በ1880 የተሰላው ነው፤ የታሰረበት ነጥብ ደግሞ በኢትዮጵያ ውስጥ አይገኝም። ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ 30ኛውን የኬንትሮስ መስመር እየተከተለ እስከ ግብፅ የሚዘልቀው ታላቅ የልኬት ሰንሰለት በ1954 በሱዳን በኩል ተሟልቶ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ መረብ ከዚሁ ሰንሰለት ላይ፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ በዓባይ ዳር ካለው የአዲንዳን ነጥብ ተቀጠለ። የዓባይን ግድብ ለማጥናት የተዘረጋው የኢትዮጵያ ካርታ መነሻውን ያገኘው በኑቢያ፣ በዚያው ወንዝ ግርጌ መሆኑ ነው። አዲንዳን የተባለችው የኑቢያ መንደር ራሷ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአስዋን ግድብ ኋላ የተኛው ሐይቅ ካሰጠማቸው መንደሮች አንዷ ሆነች፤ ነዋሪዎቿም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ስሟ ግን የኢትዮጵያ የካርታ ሥራ ድርጅት ባሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች ኅዳግ ላይ እስከ ዛሬ ይነበባል።

በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ የካርታ ተልዕኮ ሥራውን በሄሊኮፕተር እየቀጠለ ሳለ፣ በዚያው ዘመን መነሻው ወደ ሰማይ መሸሽ ጀምሮ ነበር። የስሚዝሶንያን የሥነ ፈለክ ተቋም ቤከር ነን የተባለውን ትልቅ የሳተላይት መከታተያ ካሜራ በ1960ዎቹ አጋማሽ በደብረ ዘይት፣ ማለትም በቢሾፍቱ ተከለ፤ ካሜራው የሚያልፍ ሳተላይት በከዋክብት መካከል ያለውን ስፍራ ከትክክለኛ ሰዓቱ ጋር ፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። በ1966 የተመጠቀው ፓጌዎስ፣ 30 ሜትር ስፋት ያለው የሚያብረቀርቅ ፊኛ፣ ደግሞ ሌላ አገልግሎት ሰጠ፤ በዓለም ዙሪያ በ45 ጣቢያዎች የተተከሉ ካሜራዎች ይህን ፊኛ በአንድ ጊዜ እያነሡ አህጉራትን በሳተላይት ሦስት ማዕዘን አገናኙ፣ ከጣቢያዎቹም አንዱ አዲስ አበባ ነበር። ኢትዮጵያ እንግዲህ የሳተላይት ጂኦዴሲን በኋላ የሰማች አገር አይደለችም፤ ሥራው ገና ሲጀመር ምድሯን መቆሚያ አድርጋ ሰጥታለች።

ሳተላይት ቦታ እንዲያመላክት የተደረገበት መንገድ በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ሶቪየት ኅብረት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ፣ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ባልደረቦች የነበሩት ዊልያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ የሬዲዮ ድምፁ የሚለዋወጥበትን መጠን፣ የዶፕለር ለውጥ የሚባለውን፣ መዝግበው ምህዋሩን አሰሉ። በተከታዩ ዓመት አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ጥያቄውን ገለበጠው፦ የአድማጩ ቦታ ታውቆ ምህዋሩ ከተገኘ፣ ምህዋሩ ታውቆ የአድማጩ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ከዚህ ሐሳብ የተወለደው ትራንዚት የተባለው ሥርዓት ከ1964 ጀምሮ የአሜሪካን ኑክሌር ተሸካሚ ሰርጓጅ መርከቦች አገለገለ፣ በ1967 ለሲቪሎችም ተፈቀደ። ጉድለቱ ግን ተጠቃሚው ሳተላይት እስኪያልፍለት መጠበቁና እየሮጠ ላለ አውሮፕላን የማይሆን መሆኑ ነበር።

መፍትሔው ሰዓቱን ወደ ሰማይ ማውጣት ሆነ። በአሜሪካ የባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ሮጀር ኢስተን የመራው ቲሜሽን የተባለ ፕሮጀክት ከ1967 ጀምሮ ሰዓት የያዙ ሳተላይቶችን ሞከረ፤ የአየር ኃይሉ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ነበረው። በ1973 በኮሎኔል ብራድፎርድ ፓርኪንሰን መሪነት ሐሳቦቹ ተዋሕደው ጂፒኤስ የሚባለው ሥርዓት ተነደፈ፣ የመጀመሪያው ሳተላይትም ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1978 መጠቀ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩ ሳተላይቶች የተላኩበትን ቅጽበትና የራሳቸውን ስፍራ የሚናገር ምልክት ያሰራጫሉ፤ መቀበያው ምልክቱ የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያገኛል። ሦስት ርቀቶች ቦታውን ይሰጣሉ፤ አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው የመቀበያው ርካሽ ሰዓት ስህተት እንዲታረም ነው። የሰከንድ ቢሊዮንኛ ስህተት 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ሰዓት፣ አንስታይን እንዳስተማረው፣ ከምድሩ ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚቀድም፣ ይህ ባይታረም ኖሮ ስህተቱ በየቀኑ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠራቀም ነበር። ብሩስ ከጁፒተር ጨረቃዎች የለመነውን የጋራ ሰዓት የአሜሪካ ጦር ሠርቶ በምህዋር አኖረው ማለት ይቻላል።

ይህ የጦር መሣሪያ ለሲቪሉ ዓለም በይፋ ቃል የተገባበት ምክንያት ራሱ የአውቶማቲክ መሣሪያ አጠቃቀም ስህተት መሆኑ ተደጋግሞ ቢነገርም የማይበዛ ቁም ነገር ነው። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 ከአላስካ ወደ ሴኡል ሲበር የነበረው የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 ከመስመሩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ስቶ ሶቪየት ግዛት ገባ፣ በሶቪየት ተዋጊ ጄት ተመትቶም 269 ሰዎች አለቁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን በዚያው ወር ጂፒኤስ ሲጠናቀቅ ለዓለም በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቁ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1993 ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው ግን አውሮፕላኑ ቦታውን የሚነግረው መሣሪያ አላጣም ነበር፤ አብራሪው ኮምፒዩተር ከቦታ አመልካቹ ጋር ሳይያያዝ የተሰጠውን አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞ ስለበረረ፣ ሠራተኞቹም ይህን ስላላስተዋሉ ነው የጠፋው። የተሻለ ቁጥር መስጠት ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው አለመኖሩን አይፈውስም። በዚህ ነጥብ ላይ የ1983ቱ ውሳኔ ለችግሩ ግማሽ ብቻ መልስ ሰጥቷል።

የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ሲያዛባ ቆይቶ ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱን አቆመ፤ እስከ 100 ሜትር ይደርስ የነበረው ስህተት በአንድ ሌሊት ወደ 20 ሜትርና ከዚያ በታች ወረደ። በኢትዮጵያም የእጅ ጂፒኤስ በመንገድ፣ በውኃና በግብርና መሥሪያ ቤቶች የዕለት መሣሪያ ሆነ። ያን ጊዜ ነው አዲንዳን እንደገና የተሰማችው። መቀበያው የሚናገረው ደብልዩጂኤስ 84 በተባለውና ማዕከሉ የምድር ማዕከል በሆነ ዳተም ነው፤ ካርታው ደግሞ በአዲንዳን ነው። ሁለቱ በአንድ የካርታ መረብ ላይ ሳይቀየሩ ሲቀመጡ አንዱ ነጥብ ከሌላው ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። መሣሪያው አልተሳሳተም፣ ካርታውም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ሁለቱ ከተለያየ መነሻ እንደሚናገሩ ሳያስተውል ያዋሐዳቸው ሰው ነው። የድሮ ቀያሽ ይህን የሚያውቀው መነሻውን በእግሩ ደርሶበት ስለነበር ነው።

ቁጥር ብቻውን ምን ያህል ክብደት ሊሸከም እንደሚችል የታየበት ሌላው መድረክ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ጉዳይ ነው። ወሰኑ የተመሠረተባቸው የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎች በወንዝ፣ በተራራና በርቀት ቃል የተጻፉ ናቸው፤ የ1908ቱ ውል ለምሳሌ ወሰኑ ከባሕር ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ገብቶ ለጠረፉ ትይዩ እንዲሄድ ያዛል። ለጉዳዩ የተቋቋመው የወሰን ኮሚሽን ኤፕሪል 13 ቀን 2002 ውሳኔውን ከሰጠ በኋላ በመሬት ላይ ምሰሶ መትከል ስላልተቻለው፣ በኖቬምበር 2006 የነጥቦችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ዘርዝሮ አወጣ፤ ከአንድ ዓመት በኋላም ወሰኑ በእነዚህ ቁጥሮች እንደተካለለ ይቆጠራል አለ። ኢትዮጵያ አካሄዱን አልተቀበለችም። የሕጉ ክርክር የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም፤ ድንጋይ ሳይተከል፣ ሽማግሌ ሳይቆም፣ በቁጥር ብቻ ወሰን ተደረገ መባሉ ግን ከሳተላይት ዘመን በፊት ሊታሰብ የማይችል ነበር።

ድንጋዩ ቢተከል ኖሮስ? የኢትዮጵያ ምድር ለዚህ ጥያቄ የራሷ መልስ አላት። በ1969 የጂኦሎጂ ሊቁ ፖል ሞርና ባልደረቦቹ በስምጥ ሸለቆው ላይ ነጥቦችን ተክለው በብርሃን ርቀት መለኪያ መለካት ጀመሩ፤ በ1990ዎቹ እነዚያ ነጥቦች በጂፒኤስ ሲለኩ ሸለቆው በዓመት ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ ታወቀ። በሴፕቴምበር 2005 ደግሞ በአፋር በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ሲገባ ምድሪቱ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች፤ ይህን የለኩት ራዳር የያዙ ሳተላይቶችና ከዚያ በኋላ የተተከሉ የጂፒኤስ ጣቢያዎች ናቸው። ከስምጥ ሸለቆው መስፋት በተጨማሪ መላው አህጉር በዓመት ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የሳተላይት ቁጥር ያለ ቀኑ ጎዶሎ ነው፤ ከ30 ዓመት በፊት በጥንቃቄ የተለካ ምልክት ዛሬ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዟል።

ሰማዩም ቢሆን ከችግር ነፃ አይደለም። በ1957 የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበሩት አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሠረቱት ከተማዋ ለመግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም ለሚተኛበት መስመር፣ ቅርብ በመሆኗ ነው። በዚህ መስመር ዙሪያ አዮኖስፌር የተባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር ከሌላው ዓለም ይልቅ ይናወጣል፤ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሳተላይቱን ምልክት ያዘገየዋል፣ አንዳንዴም ያቆራርጠዋል። በአውሮፓ ሜዳ ላይ የተፈተነ መቀበያ በአዲስ አበባ ምሽት እኩል እንደሚሠራ መገመት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ኦብዘርቫቶሪው ባለበት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የዓለም አቀፉ መረብ አባል የሆነ ቋሚ የሳተላይት መቀበያ ጣቢያ አለ፤ መግነጢስ ለመለካት የተጀመረው ቤት የቦታ መነሻ ከሚጠበቅባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆኗል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ነው። የሩሲያው ግሎናስ በ2001 ሊጠፋ ተቃርቦ በ2011 ተሟላ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ በ2016 አገልግሎት ጀመረ፣ የቻይናው ቤይዱ በ2020 ተጠናቀቀ፤ አንድ ተራ ስልክ አሁን አራቱንም ያደምጣል። በ1998 በትግራይ በገመድ ልኬት የተጀመረው የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ በሁለተኛው ደረጃ ከአየር ፎቶግራፍና ከጂፒኤስ ጋር ተቀናጅቶ ካርታ ያለው ደብተር ሆነ። ድሮን ያለ አብራሪ ይበርራል፣ የስልክ ማማዎችና የኤሌክትሪክ መስመሮች ሰዓታቸውን ከሳተላይት ይቀበላሉ፤ በአዲስ አበባም ሕዝቡ በጥቅሉ ራይድ የሚላቸው ታክሲዎች ያለ ቤት ቁጥር ይመጣሉ። ሾፌሩ ግን ደውሎ ‹‹ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነዎት ወይስ ፊት ለፊት?›› ማለቱን አልተወም። ይህ ጥያቄ እንደ ኋላ ቀርነት መታየት የለበትም፤ ቁጥሩን ከመሬቱ ጋር የሚያመሳክር ሰው በሥርዓቱ ውስጥ እንዳለ ያሳያል፣ ዳባዲም የተራራውን ስም ሲጠይቅ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ሾፌር የሌለው መሣሪያ አይደውልም። ከሳተላይቱ የሚለቀቀው ምልክት ከአንድ የቤት አምፖል ጋር የሚቀራረብ ኃይል ይዞ ያን ሁሉ ርቀት ተጉዞ ሲደርስ እጅግ የደከመ በመሆኑ፣ በመሬት ላይ ያለ አነስተኛ አስተላላፊ ሊያፍነው፣ ብልህ አስተላላፊም ሐሰተኛ ቦታ ሊያሳምነው ይችላል። በኤፕሪል 2024 ፊንኤር የተባለው አየር መንገድ በምልክቱ መታወክ ምክንያት ወደ ኢስቶንያዋ የታርቱ ከተማ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቋረጠ፤ የአየር ማረፊያው የማረፊያ ሥርዓት በጂፒኤስ ላይ ብቻ የተደገፈ ነበርና በረራው የተመለሰው ሌላ አማራጭ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ትምህርቱ ለኢትዮጵያም ይሠራል።

ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2019 ከቻይና ያስመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይቷ ምድርን ፎቶግራፍ የምታነሣ ነበረች፤ ቦታ የሚያመላክት ሥርዓት ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ ያቆሙት አራት ኃይሎች ብቻ ናቸው፣ ኢትዮጵያም በቅርብ ጊዜ አምስተኛ እንድትሆን መጠበቅ አይገባም። በአቅሟ ያለው በመሬት ያለውን መነሻ መጠበቅ ነው፦ ቋሚ ጣቢያዎች ሳይቋረጡ እንዲሠሩ፣ ቀያሾች ያለ ሳተላይትም መለካትን እንዲማሩ፣ ባለፉት ስድሳ ዓመታት በየተራራውና በየመንገዱ ዳር የተተከሉት ምልክቶች እንዳይነቀሉ ማድረግ። በእርሻው ዳር ወይም በመሠረት ቁፋሮ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ሳህን ያለው የሲሚንቶ ምልክት ያገኘ ሰው፣ ከማንሣቱ በፊት ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ ለአገሩ የልኬት ሥራ ትልቅ ውለታ ይውላል።